ሳይቸግር ጤፍ ብድር

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ናይሮቢ ውስጥ ባለ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት፣ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ በማመላለስ እንጀራ የምንበላ አምስት ስድስት ሰዎች ቡና ከበን ተቀምጠን ነበር። ወጉ እንደተለመደው ከክፍያ መዘግየት ተነሣ፤ ወደ ዐይን ድካምና ወደ አንገት ሕመም ዞረ፤ በመጨረሻም ጠረጴዛችን ላይ ስለሚቀመጠው ዕቃ ሆነ። ከመካከላችን አንዱ፣ ወዳጄም የሙያ ባልደረባዬም ነው፣ ሁለቱን የቢሮ ሞኒተሮቹን ሸጦ በምትካቸው አንድ ሰፊ፣ ጎበጥ ያለ፣ ለጌም ተጫዋቾች የተሠራ ስክሪን መግዛቱን አበሠረን። አበሠረን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የተናገረው እንደ ምሥራች ነበር። «ሁለት ስክሪን የድሮ ሰው ነገር ነው። መካከሉ ላይ ያንን ጥቁር ድንበር እያየህ እስከ መቼ ትኖራለህ?» አለኝ፣ ከሁሉ መርጦ ወደ እኔ እየተመለከተ። የቀሩት ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁለቱም ዋጋውን ጠየቁ።

እኔ በዕለቱ አልመለስኩለትም። ዝም ያልኩት መልስ አጥቼ ሳይሆን አፍሬ ነው፤ እርሱ ዛሬ የሚሰብከውን ነገር እኔ ቀድሜው አድርጌዋለሁና፣ አራት ወር ሙሉም ዋጋውን ከፍያለሁና። አሁን ግን ሁለቱ ዋጋ ጠያቂዎች ወደ ሉቱሊ ጎዳና ከመውረዳቸው በፊት የደረሰብኝን መናገር ግዴታዬ መስሎ ይታየኛል። አቋሜንም ሳልሸፋፍን አስቀድሜ ላስቀምጥ፦ ጽሑፍን ከጽሑፍ ጋር እያስተያየ ለሚሠራ ሰው፣ በተለይም ሥራውን ሌላ ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ የሚጠብቀው ከሆነ፣ ሁለት ተራ ስክሪኖችን በአንድ የጌም ስክሪን መለወጥ መሻሻል አይደለም። አበው ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉት ይህንኑ ነው።

እኔን ያግባባኝ የእህቴ ልጅ ነው፤ ክፋት ኖሮበት ሳይሆን የሚወደውን ነገር ለሚወደው ሰው ለማካፈል ብሎ። «ጋሼ፣ የእርስዎ እኮ 24 ኢንች ነው፤ ይኼ 34 ነው። በዚያ ላይ በሰከንድ 144 ጊዜ ያድሳል» አለኝ። እኔም የቋንቋ ሰው እንጂ የቁጥር ሰው ስላልሆንኩ 34 ከ24 መብለጡን ብቻ አየሁ። ወረቀትና እርሳስ ይዤ ያሰላሁት ሞኒተሮቼ ከተሸጡ በኋላ ነው።

ስሌቱ ይኸውና፤ አንባቢ ይታገሠኝ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና። ኢንቹ የሚለካው ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ነው። ስለዚህ ስክሪኑ ረጅምና ቀጭን በሆነ ቁጥር ኢንቹ ያድጋል፤ የስክሪኑ ገጽ ግን በዚያው ልክ አይሰፋም። ሁለቱ አሮጌ ሞኒተሮቼ እንግሊዝ አገር በቢሮ አገልግለው ወደዚህ ከመጡት መካከል ሲሆኑ፣ ቅርጻቸው 16 በ10 ነበር። አንደኛው ወደ ጎን 52፣ ወደ ላይ 32 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 3,300 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናሉ። አዲሱ ባለ 34 ኢንች ደግሞ ወደ ጎን 80፣ ወደ ላይ 33 ተኩል ግድም ነው፤ ተባዝቶ 2,700 እንኳ አይሞላም። ምስሉ የሚሠራባቸው ነጥቦች፣ ፒክስል የምንላቸው፣ ሲቆጠሩ ነገሩ ይብሳል። አሮጌዎቹ እያንዳንዳቸው 1920 በ1200 ነበሩ፤ በድምሩ 4,608,000 ነጥብ። አዲሱ 2560 በ1080 ነው፤ 2,764,800 ነጥብ። ስታካፍሉት ልክ 60 በመቶ ይወጣል። ከማየው ነገር አርባ በመቶውን ሸጬ፣ በላዩ ገንዘብ ጨምሬ፣ ተሻሻልኩ ብዬ እንግዳ ጠርቻለሁ ማለት ነው።

ወዳጄ ይህን ሲያነብ «የእኔ እንዳንተ ርካሹ አይደለም» እንደሚል አውቃለሁ። እውነት ነው፤ የእርሱ 3440 በ1440 ነው፤ ሲባዛ ወደ አምስት ሚሊዮን ይጠጋል። ከእኔ ሁለት አሮጌዎች በጥቂቱ ይበልጣል፤ በጥቂቱ ነው ያልኩት። ከዚያ በላይ ልውጣ ካለ ደግሞ ባለ 49 ኢንቹን ይግዛ። ይህ ዐይነቱ ስክሪን ታሪኩ ራሱ አስተማሪ ነው። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ባለ 49 ኢንች የጌም ስክሪን 3840 በ1080 ነበር፤ ማለትም ሁለት ተራ ባለ 1920 በ1080 ሞኒተሮች ጎን ለጎን። በ2019 የተከተለው 5120 በ1440 ሆነ፤ ይህም ሁለት ባለ 27 ኢንች ሞኒተሮች ጎን ለጎን ናቸው። በ2023 የወጣው ባለ 57 ኢንች 7680 በ2160 ነው፤ ሁለት ፎር ኬ ጎን ለጎን። ሻጩ ራሱ በማስታወቂያው «ዱዋል» እያለ ነው የሚጠራቸው። እንግዲህ የአንዱ ስክሪን ትልቁ ማዕረግ ሁለት መምሰል ከሆነ፣ ሁለቱን በእጁ የያዘ ሰው ምን ጎድሎት ነው የሚሸጠው?

ጥቁሩ ድንበር ጎድሎት፣ ይሉኛል። ድንበር መኖሩ ግን ለጌመር ነው ነውር። መኪናው ከግራ ወደ ቀኝ ሲሮጥ መካከል ላይ ጥቁር ምሰሶ ቢቆምበት ይናደዳል፤ እውነት አለው። የእኔ ጽሑፍ ግን ከግራ ወደ ቀኝ አይሮጥም። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው፤ በመካከላቸው ድንበር ቢኖር የሚጠቅመኝ እንጂ የሚጎዳኝ አይደለም። ዐይኔ ወዴት እንደተሻገረ ያውቃል።

ስለ 144ቱም አንድ ነገር ልበል። በሰከንድ 144 ጊዜ ያድሳል ማለት ያንኑ ገጽ 144 ጊዜ መልሶ ይስለዋል ማለት ነው። ለሚንቀሳቀስ ነገር ግሩም ነው። የፊደል ገጽ ግን ቆሞ ነው የሚነበበው። ገጹን ወደ ታች ስታንሸራትቱ በርግጥ ለስላሳ ነው፤ አልክድም፣ በመጀመሪያው ሳምንት ለዚያ ስል ብቻ ገጽ እያንሸራተትኩ ተጫውቻለሁ። ካቆማችሁት በኋላ ግን ያንኑ ሀ በሰከንድ 144 ጊዜ ሀ ነው እያለ ሲነግራችሁ ይውላል፤ በ60 ጊዜም ሰምተነው ነበር።

ይልቅ የቀረብኝ ነገር ቁመት ነው። ከሁለቱ ሞኒተሮቼ አንዱ እግሩ ላይ የሚዞር ስለነበር ዘወር አድርጌ አቁሜው ነበር የምሠራው። ሲቆም ቁመቱ 52 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን፣ 29.7 ሴንቲ ሜትር የሆነው የኤ ፎር ገጽ ከራስጌው እስከ ግርጌው፣ ማኅተሙና ፊርማው ሳይቀር፣ ከወረቀቱ እንኳ ገዝፎ ይታየኛል። የፍርድ ቤት ወረቀት የሚተረጉም ሰው ገጹን ሙሉ ማየት ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ግርጌው ላይ ያለው ቁጥር ራስጌው ላይ ያለውን አንቀጽ ይጠቅሳልና። በአዲሱ ስክሪን ላይ ቁመቱ 33 ተኩል ነው፤ ከዚያ ላይ የፕሮግራሙ የላይኛና የታችኛ መስመሮች የራሳቸውን ሲወስዱ ገጹ ወይ ይቆረጣል ወይ ያንሳል። ጎን ለጎን ግን የማላውቅበት ባዶ ሜዳ ተርፎኛል።

ገጹን ማሳነስ ደግሞ ለአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ላሳያችሁ፤ ወደ ዋናው ነገርም ይወስደኛል። የእኛ ፊደል ልዩነቱን የሚሸከመው በጥቃቅን ጭረት ነው። ቤቱና ቤቷ፣ ልጁና ልጇ፣ ወንድሙና ወንድሟ፤ አንዲት ሰረዝ ከጎን መውጣቷ ወይም ከእግር ሥር መተኛቷ ባለቤቱን ትለውጣለች። አሮጌዎቹ ሞኒተሮች በአንድ ኢንች ውስጥ 94 ነጥብ ነበራቸው፤ አዲሱ 82 ነው። ላቲን ለሚያነብ ሰው ይህ ልዩነት ኢምንት ሊሆን ይችላል። ሙ እና ሟ ለሚያነብ ሰው ግን ኢምንት አይደለም። በውድ ዋጋ የሚሸጡት የጌም ስክሪኖችም ከዚህ ነፃ አይደሉም፤ ከ2022 ወዲህ የተስፋፉት የኦሌድ ዐይነቶች ብዙዎቹ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን ነጥብ የሚደረድሩት ከተለመደው በተለየ አኳኋን ስለሆነ፣ በፊደል ዳር ዳር ቀለም ያለው ጥላ ሊታይ ይችላል። ለፊልም ተወዳዳሪ የላቸውም፤ ለንባብ ግን የተመረጡ አይደሉም።

አሁን ወደ አንዲት እናት ልሂድ። ስማቸውንም አገራቸውንም አልጠቅስም። ነገሩ የሆነው ሁለቱ ሞኒተሮች ገና በጠረጴዛዬ ላይ ሳሉ ነው። የጥገኝነት ጥያቄ ቃላቸውን ጠበቃቸው በእንግሊዝኛ አዘጋጅቶ፣ ከመፈረማቸው በፊት በአማርኛ እንዲያነቡት ወደ እኔ ላከው። ተርጉሜ ስጨርስ፣ ሁልጊዜ እንደማደርገው፣ አንዱን ሞኒተር ወደ እርሳቸው አዞርኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን በመስመሩ ሥር እያስኬዱ ቀስ ብለው አነበቡ። ከሁለተኛው ገጽ አጋማሽ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ልጄ፣ ይኼ ልክ አይደለም» አሉኝ። «የቱ ነው፣ እናቴ?» አልኳቸው። «የተያዘው የእርሷ ወንድም ነው፣ የልጄ ሚስት ወንድም። አንተ የልጄን ወንድም አድርገኸዋል። የልጄ ወንድምማ የእኔው ልጅ አይደለም እንዴ? እርሱ ምንም አልሆነም፣ ትናንትም ደውሎልኛል።»

«ወንድሟ» በማለት ፈንታ «ወንድሙ» ጽፌ ነበር። አንዲት ጭረት። በዚያች ጭረት ምክንያት እኒህ እናት ያልታሰረ ልጃቸውን ታሰረብኝ ብለው ሊፈርሙ ነበር። ከወራት በኋላ ቃለ መጠይቅ አድራጊው «ልጅዎ ታስሯል ብለው ፈርመው አሁን ደህና ነው ይላሉ» ቢላቸው፣ ማን ያምናቸዋል? እንዲህ ባለ ጉዳይ ውስጥ ቃል ከቃል መጋጨት የስሕተት ምልክት ሆኖ አይታይም፤ የውሸት ምልክት ሆኖ ነው የሚታየው።

አንድ ጥያቄ ይነሣ፦ ሞኒተሩ ባይዞርላቸውስ? አንብቤላቸው ይሰሙ ነበር፣ ትሉኝ ይሆናል። ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። ጮክ ብዬ ባነብላቸው ኖሮ «ወንድሟ» ብዬ ነበር የማነበው! የጻፈ ሰው የጻፈውን አያነብም፤ ሊጽፍ ያሰበውን ነው የሚያነብ። አንደበቴ ትክክለኛውን ይናገራል፣ እርሳቸውም ትክክለኛውን ሰምተው ይፈርማሉ፣ ወረቀቱ ግን ስሕተቱን እንደያዘ ይሄዳል። ከዚህ ስሕተት ያዳነን የእርሳቸው ዐይን ነው፤ ዐይናቸው የደረሰውም ስክሪኑ ወደ እርሳቸው ሊዞር የሚችል፣ እኔም ሥራዬን ሳላቋርጥ የምሠራበት ሌላ ስክሪን የነበረኝ በመሆኑ ነው።

አዲሱ ስክሪን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ይህን ሁሉ እያወቅኩ መግዛቴ ነው የሚያሳፍረኝ። በጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጥ ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ግድግዳ ሆነ። ከግድግዳው ወዲህ እኔ፣ ከግድግዳው ወዲያ ባለጉዳዩ። ባለጉዳዩ የሚያየው የስክሪኑን ጀርባ ነው፤ ጀርባው ላይ ደግሞ ለጌመሮች ደስታ ሲባል የተሠራ ቀይ የመብራት ቀለበት ነበር። ቤተሰቡን ያጣበትን ሌሊት የሚያወራ ሰው ፊት ለፊት ያ ቀይ ቀለበት ሲበራ፣ የማጥፊያውን ምናሌ ስፈልግ ያሳለፍኩትን ደቂቃ አልረሳውም።

መጉበጡም ራሱን የቻለ ነገር ነው። 1500 አር ሲባል ጉብጠቱ አንድ ሜትር ተኩል ራዲየስ ካለው ክብ የተቆረጠ ነው ማለት ነው። የዚያ ክብ መሐል አንድ ቦታ ነው፤ የሚቀመጥበትም አንድ ሰው ነው። ዕቃው የተፈጠረው ለብቸኛ ተጫዋች ነውና አይወቀስም። ባለጉዳዩን ወንበሩን ይዞ ወደ እኔ እንዲመጣ ጋበዝኩት፤ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን፣ እርሱ ከጎን ሆኖ የተጣመመ መስመር ሲያነብ፣ ጨዋነት ይዞት «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» ይላል። ያላየውን ነገር በይሉኝታ ገባኝ የሚል ሰው በሕዝባችን ዘንድ ስንት እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ።

ወረቀት አትምለት ያሉኝ አሉ። ጥሩ ምክር ነው፣ አደርገዋለሁም። የመጨረሻው ቅጂ በወረቀት መነበብ አለበት። ነገር ግን ባለጉዳዩ እያረመ እኔ እያስተካከልኩ፣ እርሱም የተስተካከለውን እዚያው እያየ የምንሄድበትን ሥራ ወረቀት አይሠራልኝም፤ ለእያንዳንዷ ጭረት አዲስ ገጽ እያተምኩ የምዘልቀው ነገር አይደለም። ሌላው ደግሞ ለባለጉዳዩ የሚሆን ትንሽ ተንቀሳቃሽ ስክሪን ጨምርበት አለኝ። ይህንን መካሪ አመሰግነዋለሁ፤ ሁለት ስክሪን ያስፈልግሃል ብሎ ክርክሩን በራሱ አንደበት ዘግቶልኛልና።

ከሁሉ የከበደኝን ሙግት ያመጣው ያው ወዳጄ ነው፤ የቆሎ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያየ ሰው ስለሆነ እንዲህ ያለው ነገር አያመልጠውም። «አባቶቻችን የግእዙን ንባብና የአማርኛውን ትርጓሜ በአንድ ብራና ላይ አስከትለው ጽፈዋል፤ ሁለት ብራና አላሉም» አለኝ። ነገሩ ያምራል። ይሁን እንጂ አንድምታው በጽሑፍ ከመስፈሩ በፊት ለረጅም ዘመን የኖረው በመምህራን ቃል ነው። ተማሪው ንባቡን ያነባል፣ መምህሩ «አንድም» እያሉ ይተረጉማሉ። ንባቡ በተማሪው ዐይን ሥር ነው፣ ትርጓሜው በጆሮው ነው። አንዱ ከሌላው ቦታ አይሻማም። በአንድ ወገን ያለው ሰው ሲሳሳትም በሌላው ወገን ያለው ያርመዋል። እኔ በጠረጴዛዬ ላይ የምፈልገው ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ጉባኤው ለሁለት ሰው እንዲበቃ ነው።

ስለ አንገት የተባለው ግን ትክክል ነው። ሁለት እኩል ሞኒተሮችን አስተካክሎ ድንበራቸውን አፍንጫው ላይ ያደረገ ሰው ቀኑን ሙሉ ግራና ቀኝ ሲዞር ይውላል፣ አንገቱም ይቀጣዋል። መድኃኒቱ ግን ስክሪን መለወጥ ሳይሆን ቦታ መለወጥ ነው፤ የምትጽፉበት ፊት ለፊት፣ የምታነቡበት ከጎኑ ዘወር ብሎ ይቁም። ይህን ለማድረግ አንድ ሽልንግ አይወጣም። አንድ ገመድ ብቻ ስለሚበቃው ጠረጴዛው ይጸዳል የሚለውም እውነት ነው፤ ጠረጴዛዬ ጸድቶ ነበር። ከሦስተኛው ወር በኋላ ያ አንድ ገመድ ሲበላሽ ግን ሌላ ስክሪን ስላልነበረኝ ሁለት ቀን እጄን አጣጥፌ ተቀምጫለሁ።

በቪዲዮ የሚደረግ የማስተርጎም ሥራ ላይ ምን እንደሚሆንም ላንሣ፤ ከ2020 ወዲህ ብዙዎቻችን የምንኖረው በእርሱ ነውና። ሰፊውን ስክሪን ሙሉ ለሙሉ ስታጋሩ፣ በላፕቶፕ ወይም በስልክ የሚያየው ወገን ዘንድ የሚደርሰው ከላይና ከታች ጥቁር የሆነ፣ መካከሉ ላይ መቀነት የመሰለ ቀጭን ምስል ነው። «ፊደሉ አይታየንም» ሲሉኝ መጀመሪያ ኢንተርኔታቸውን ነበር የጠረጠርኩት።

ለማን ይሆናል? ረጅም የድምፅ ወይም የፊልም መስመር ዘርግቶ ለሚያቀናብር ሰው ደስ ይላል። ብቻውን ለሚሠራ፣ ብዙ ዓምድ ያለው የሒሳብ ሠንጠረዥ ለሚያይ ሰውም እንዲሁ። ለተጫዋችማ የተሠራለት ነው። ጠቡ ከዕቃው ጋር አይደለም፤ ለአንድ ሰው ደስታ የተሠራውን ዕቃ ለሁለት ሰው ሥራ የዕድገት ምልክት ነው ብሎ ከሚሰብከው ጋር ነው። ወዳጄም ቢሆን ባለጉዳይ በአካል አይቀበልም፤ ሥራው ሁሉ በኢሜይል የሚመጣ የኩባንያ ሰነድ ነው። ስለዚህ እርሱ የሚያጣው ነጥቦችን ብቻ ነው። ዋጋ ከጠየቁት ሁለቱ አንደኛዋ ግን በሳምንት ሦስት ቀን ከስደተኞች ጋር እንደምትቀመጥ አውቃለሁ።

ስክሪኑን ለእህቴ ልጅ ከገዛሁበት በግማሽ ዋጋ ሸጥኩለት። ከዚያ ወደ ሉቱሊ ወርጄ ሁለት ያገለገሉ ባለ 24 ኢንች፣ 16 በ10 ሞኒተሮች ጠየቅኩ። ባለ ሱቁ አንዱን ወዲያው አወጣልኝ፤ ሁለተኛው እግሩ የማይዞር ሆነ። ለጊዜው ከሥሩ ሁለት ወፍራም መዝገበ ቃላት አድርጌ፣ ከግድግዳው ጋር አስደግፌ በጎኑ አቁሜዋለሁ፤ ባለጉዳይ ሲመጣ በሁለት እጄ አንሥቼ ነው የማዞረው።